አባቴ ለብራዚል ያለቀሰ ዕለት

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ለብራዚል ኳስ ቡድን ያለቀሰ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ 2006 ነው፤ ረመዳን። ብራዚል በገዛ አገሯ፣ በዓለም ዋንጫ፣ በጀርመን ሰባት ጎል ገብቶባት ያደረችበት ጠዋት። አዳማ ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ባጃጅ ነጂዎቹ መንገድ ላይ ቆመው በጣታቸው ሰባት እያሳዩ ይሳሳቃሉ። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ከቁርዓን ቤት ስመለስ አባዬ ግቢያችን ውስጥ በቆመችው የጭነት መኪናው፣ አይሱዙዋ፣ መርገጫ ላይ ተቀምጧል። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለውም። ሲያየኝ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «ሂጂ፣ ግቢ» አለኝ።

አልገባሁም። ተመልሼ ወጥቼ ለሰፈሩ ልጆች «አባዬ ለብራዚል አለቀሰ!» ብዬ አወራሁ። በኩራት ነው ያወራሁት። ብራዚል የእኛ ቤት ጉዳይ ነበረችና፤ ወንድሜ ካሚል እዚያ ነበር።

ብራዚልን ወደ ግቢያችን ያመጧት ግን ጋሽ ኪዳነወልድ ናቸው።

ጋሽ ኪዳነ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ የሸዋ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአሰብ በግሪክ መርከብ ተሳፍረው ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። እኔ ሳውቃቸው የመቂና የዓለም ጤና ከተሞች ሽንኩርት አምራቾች የውሃ ፓምፕ ሲበላሽባቸው የሚያመጡላቸው መካኒክ ነበሩ። ግቢያችን ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ካሚል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር እሳቸው ጋ ሥራ ጀመረ። እሳቸው ብሎን ይፈታሉ፣ እሱ ያጥባል፣ እኔ ደግሞ ተገልብጦ በተቀመጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የምሰማው ስለ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ነው። ሳንቶስ።

«ሳንቶስ ማለት ቅዱሳን ማለት ነው» ይላሉ። «ብራዚል ለዓለም የሸጠችው ቡና በዚያች በር ነው የወጣው። ከእኛ አገር የሄደች ፍሬ እዚያ ቤተ መንግሥት አሠርታለች! ነጋዴዎቹ ቡና የሚጫረቱበትን ቤት ብታዩ ወለሉ እብነ በረድ፣ ጣሪያው ባለቀለም መስታወት። እኔ መጀመሪያ ስገባ ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅሁ።»

«እኛ ጋ ለምን እንዲህ አልተሠራም?» ይላል ካሚል።

«እኛማ ጠጥተን ጨረስነው» ብለው ይስቃሉ።

ከተማዋ ድሮ የሞት ወደብ ትባል እንደነበር የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ቢጫ ወባ ነበር አሉ። መርከብ ይገባል፣ መርከበኞቹ በትኩሳት ያልቃሉ፣ መርከቡ ነጂ አጥቶ ባዶውን ባሕር ላይ ይቆማል። ኋላ አንድ መሐንዲስ መጣና ከተማዋን ከኮረብታ እስከ ባሕር በቦይ ሸነሸናት። የተኛው ውሃ ወጣ፤ በሽታውም አብሮ ወጣ። ጋሽ ኪዳነ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ይጠቁማሉ፤ በክረምት ከተራራዎቹ ወርዶ አዳማን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ በራችን ድረስ ይመጣ ነበርና። «ይኸው እኛ ደህና ቦይ አጥተን በየዓመቱ ፍራሽ እናሰጣለን» ይላሉ። እኔ ታዲያ በማንኪያ ግቢውን እየቆፈርኩ ሳንቶስን እሠራ ነበር። ባሕሩ ዳር ያሉትን ፎቆች በክብሪት ቀፎ እሠራና ጋደል አድርጌ አቆማቸዋለሁ። ፎቆቹ ለስላሳ ጭቃ ላይ ስለቆሙ ዘመም ያሉ ናቸው ብለውናል፤ ሰዎቹ ግን ለምደውት እዚያው ይኖራሉ።

ካሚል የሚወደው ሌላውን ታሪክ ነበር። ደጋግሞ ነው የሚያስነግራቸው።

«ባርነት ሳይቀር በፊት» ይላሉ ጋሽ ኪዳነ፣ «ከቡና እርሻዎቹ የሚያመልጡ ሰዎች ያን ሁሉ ገደል ወርደው ሳንቶስ ከገቡ ተረፉ ማለት ነው። የከተማው ሰው ይደብቃቸዋል፤ አሳዳጅ ቢመጣ አሳልፎ አይሰጥም። ኮረብታ ሥር የራሳቸውን ሰፈር ሠርተው ኖሩ። የሸሸ ሰው የማይባረርባት ከተማ ናት።»

ካሚል ይህን ሲሰማ እጁ ናፍጣው ውስጥ እንዳለ ይቆማል። እኔ ፈዞ ነው ብዬ እስቅበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ወንድሜ ከቤታችን የወጣው ያኔ ነው፤ አውሮፕላን ላይ የተሳፈረው ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው።

በሚያዝያ ሄደ። እናቴ ፋዲላ «ለሥራ ነው» አለችኝ። አንድ ጊዜ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ሁላችንም ከበን ስንሰማ «ደርሻለሁ፣ እማ። ባሕሩን እያየሁት ነው» አለ። እማዬ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ያን ቀን ካሚል የነበረው ከባሕሩ ርቆ ደጋ ላይ ባለችው ትልቅ ከተማ፣ ሳኦ ፓውሎ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዓለም ዋንጫው ሲጀመር እኔና እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረን ተመልካቹ መሐል ካሚልን እንፈልግ ነበር። ቢጫ ከለበሰው ሕዝብ መሐል ጥቁር ቀጭን ልጅ ባየን ቁጥር «ያው! ያው!» እንባባላለን። አባዬ አብሮን አይቀመጥም ነበር። ስልኩን ይዞ በረንዳው ላይ ይመላለሳል።

እንግዲህ ያ የሰባት ጎሉ ማግስት መጣ። ከአስር ሰላት በኋላ ባልዲዬን ፈልጌ ወደ ጓሮ ስሄድ የአባዬን ድምፅ ከጋሽ ኪዳነ ክፍል ሰማሁ። መስኮቱ ሥር ቆምኩ።

«አንተ ነህ ያሳየኸው! አንተ ባታወራለት ልጄ ያን አገር በምን ያውቀዋል?»

ደነገጥኩ። አባቴ ሳሊህ ሽማግሌውን ጋሽ ኪዳነን «አንተ» ሲል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«ሳሊህ፣ ተው ረጋ በል። ቦርሳው የማን ነው አሉ?»

«የሱ አይደለም! ሌላ ሰው ያሸከመውን ነው የተሸከመው።»

«ስንት ይሆናል አሉህ?»

«የደወለልኝ ሰውዬ ስምንት ዓመትም ሊደርስ ይችላል አለኝ።»

ቀጥሎ ጋሽ ኪዳነ በቀስታ «ለፋዲላ ነግረሃታል?» አሉ።

«ብነግራት ትሞትብኛለች። የደም ግፊቷን ታውቀዋለህ። መርከብ ላይ ሥራ ይዟል፣ መርከብ ላይ ስልክ የለም እላታለሁ። አንተም እንዲያ ነው የምትላት። ይህቺን እንኳ አድርግልኝ።»

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ ካሚል ወደብ ላይ የሰው ዕቃ እየተሸከመ ይሠራል፤ ከዚያ መርከብ ላይ ስምንት ዓመት ይቀጠራል። ደስ አለኝ። አባዬ የተቆጣው ሸክም ስለናቀ መሰለኝ። ማታ ስናፈጥር ተምሩን አፉ ውስጥ ይዞ መዋጥ ሲያቅተው አይቼ «ኳስ እኮ ነው፣ አባ» አልኩት። እናቴ ሳቀች። እሱ ራሴን ዳሰሰኝ።

ከረመዳን በኋላ አይሱዙው ሄደ። ዱጋሳ የሚባል የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ መጥቶ «አካም ጅርታ፣ ሳሊህ» ብሎ ጨብጦት፣ ጎማዎቹን እየረገጠ ዞሮ አይቶ፣ ነድቶ ወሰደው። አባዬ «አርጅታ ነው የሸጥኳት» አለ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረ። የካሚልን ስም አይጠራም፤ ሌላ ሰው ሲጠራም ተነሥቶ ይወጣል። ወንድሜን የጠላው መሰለኝ። መኪናውን ሸጦ አዲስ አበባ የሚዝናናም መሰለኝ፤ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት እንዲያ ብሎ ነግሮኝ ነበር። እሱ ግን ከቢሮ ቢሮ፣ ከደላላ ደላላ እየዞረ፣ በማያውቀው ቋንቋ ለሚከራከር ጠበቃ የሚላከውን ገንዘብ ይልክ ነበር።

እናቴ ደግሞ በየቀኑ ወደ ጋሽ ኪዳነ በር መሄድ ያዘች። አትገባም፤ ደፉ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካክላ ትጠይቃለች።

«ጋሽ ኪዳነ፣ ያ አገር ብርድ አለው?»

«የለውም ፋዲላ። እንደ አዳማ ነው፤ ሙቀት።»

«የሸሸ አይባረርባትም ያሉት፣ ዛሬም እንደዚያው ናት?»

«ደግ ሕዝብ ነው» ይላሉ ወደ ፓምፑ አጎንብሰው።

«መርከቡ ሲገባ የሚያርፉበት ቤት የት ነው?»

የባሕሩን ዳር የአበባ ቦታ ይነግሯታል፤ ከኮረብታው ጫፍ ያለችውን የማርያም ጸሎት ቤት፣ ወደቡ ላይ የሚሰለፉትን መርከቦች ይነግሯታል። እሷም እየሰማች በከንፈሯ አንድ ነገር ትላለች። እናቴ ሳንቶስን የወደደቻት፣ አንድ ቀን ጓዛችንን ጠቅልለን የምንሄድ መሰለኝ። ሰላት ጨርሳ እጇን ዘርግታ የምትለውን ዱዓ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ያ ረቢ፣ ከማዕበል ጠብቀው። ከጥልቁ አውጣው። ውሃውን አለዝብለት።»

ጋሽ ኪዳነ እየከሱ ሄዱ። ወሬያቸውም ተቀየረ። እኔ ባልዲዬ ላይ ስቀመጥ የሚነግሩኝ ሌላ ሳንቶስ ሆነ፦ ዝናብ ያራሰው ኮረብታ ተንዶ ቤት ከነሰዎቹ የበላበት፣ ጫኚዎች በስድሳ ኪሎ ጆንያ ወገባቸው የተሰበረበት። አልወደድኩትም። «የድሮውን ይንገሩኝ» እላቸው ነበር። «ይሄ ነው የድሮው» ይሉኛል።

በበጋው አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ፓምፕ እየገጠሙ ነበር፤ እኔ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ይዤላቸዋለሁ። እማዬ መጣች። ያን ቀን ግን ደፉን አልፋ ገባች። ግድግዳው ላይ ጥቀርሻ የነካው የማርያም ሥዕል ተሰቅሏል። ወደ እሱ ጠቆመች።

«ጋሽ ኪዳነ፣ በእኔ ሃይማኖት ላስምልዎ አልችልም። በእሷ ይማሉልኝ። ልጄ መርከብ ላይ ነው?»

ቁልፉን አስቀመጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ጠርገው ጠርገው አልጨርስ አሉ።

«ፋዲላ፣ በእሷ አልምልም።»

«ለምን?»

«አልምልማ።»

«ሞቷል?»

«ኧረ በስመ አብ! በሕይወት አለ። መርከብ ላይ ግን አይደለም።» ጨርቁን ፓምፑ ላይ አስቀመጡ። «ታስሯል። አደንዛዥ ዕፅ ያለበት ቦርሳ ይዞ እዚያው አገር አየር ማረፊያ ላይ ያዙት። ከክረምት ጀምሮ።»

እናቴ አልጮኸችም። ከጎኔ መሬቱ ላይ፣ ናፍጣው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ኪዳነ አሁንም እያወሩ ነበር፤ ሳንቶስን ለካሚል ውብ አድርገው የሳሉለት እሳቸው መሆናቸውን፣ ራሳቸው እዚያ የቀሩት የመርከቡ ባለቤት ደመወዝ ከልክሎ ጥሏቸው ስለሄደ እንደነበር፣ ከገበያ የተጣለ ሙዝ እየለቀሙ እንደበሉ። «ይሄን አልነገርኩትም» ይላሉ። «ልጅ ነው፣ ደስ ይበለው ብዬ።» እማዬ የምትሰማቸው አልመሰለኝም።

አባዬ ሲመጣ እዚያው ተቀምጣ አገኛት። ሁሉንም ከፊታችን ተረዳ። አጠገቧ ሊቀመጥ ሲል እጇን ዘረጋችና አስቆመችው።

«ሳሊህ፣ ስንት ወር ሙሉ ከውሃ አድነው እያልኩ ለመንኩ» አለችው። «በየሰላቱ፣ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ! ልጄ ከግድግዳ ጋር ነው፤ እኔ ከማዕበል አውጣው እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ ለእሱ ሳልለምንለት ቀረሁ። ይህን ነው የነጠቅኸኝ።»

እኔ ያን ቀን ከሁሉም የገባኝ፣ እማዬ አባዬን ተቆጥታ ጋሽ ኪዳነን እንዳልተቆጣች ነው፤ ፍርዱ የተገለበጠ መሰለኝ። በማግስቱ ጋሽ ኪዳነ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወደ መቂ ሄዱ። ማንም አላባረራቸውም፤ ማንምም ይቅሩ አላላቸውም።

አባዬ ከዚያ በኋላ ለዱጋሳ ተቀጥሮ የራሱ የነበረችውን አይሱዙ በሾፌርነት ነዳ። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሰው ስለ ካሚል ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነበር፦ «ቦርሳው የሱ አይደለም። አታለውት ነው።» ስኳር በሽታው ጠንቶበት አልጋ ሲይዝም ይህንኑ ይል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሞተ። ካሚል ያን ጊዜ ከእስር ቢወጣም ወረቀት አልነበረውም፤ ሊቀብረው አልመጣም።

የመጣው አምና ነው። የተቀበልነው ሰው ሰላሳ ዓመት አልፎት፣ ጠጉሩ ከፊት ሸሽቶ፣ ምግብ ሲቀርብለት በክንዱ ሳህኑን ከልሎ የሚበላ ሰው ነው። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ዕረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው እሑድ «ጋሽ ኪዳነ ጋ ውሰጂኝ» አለኝ።

መቂ ከአንድ የፓምፕ መጠገኛ ጥግ፣ በቲማቲም ሳጥኖች መሐል ተቀምጠው አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ካሚል ጉልበታቸውን ሳመ።

«ጋሼ፣ አየኋት» አላቸው። «ከእስር ስወጣ በአውቶቡስ ወረድኩ። ፎቆቹ እውነትም ዘመዋል።»

«ተው!» አሉ እጁን ጨብጠው። «ቦዮቹስ?»

«አሉ። ሰው በዳርቻቸው ብስክሌት ይነዳል። ባሕሩ ዳር አበቦቹ መሐል ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። ማንም ተነሥ አላለኝም። ማንምም ከየት መጣህ አላለኝም። ሲመሽ ወደብ ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ፤ ወረቀት የለህም አሉኝ። ተመለስኩ።»

«እኔ የተራብኩባትን ከተማ ነው እንዲያ አሳምሬ የሰጠሁህ» አሉ ሽማግሌው። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ወሬ ነው የሰጡኝ፣ ጋሼ። የቀረውን ያደረግሁት ራሴ ነኝ» አለ ካሚል። ትሕትና መሰለኝ።

በሚኒባስ ስንመለስ ዓለም ጤናን እንዳለፍን መስኮቱን እያየ «ሱሃይላ፣ አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ። ማንም አላታለለኝም። አንዴ አድርሼ ወደ አሜሪካ የምሻገርበትን ገንዘብ ላገኝ ነበር። አባዬ በስልክ ‹የአንተ አይደለም አይደል?› ሲለኝ ‹አይደለም› አልኩት። እንደዚያ ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። ድምፁ እንዲያ እንድል ይለምነኝ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ከአባዬ የተረፋት ይህቺ ቃሉ ናት።»

ሞጆ እስክንደርስ አባቴን አሰብኩት፤ የሰው ሆና በቀረች በራሱ መኪና ሽንኩርት ጭኖ በዚሁ መንገድ ሲመላለስ፣ ሰው ባገኘ ቁጥር ያችኑ ቃል ሲደጋግም። ለኳስ አለቀሰ ብዬ ለሰፈሩ ልጆች ያወራሁበትን ጠዋት አስታውሼ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ቤት ስንደርስ ካሚል ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እማዬ ምሳ አቅርባ ትጠብቀን ነበር። ፊቴን አየችው።

«ምን ነገረሽ?»

«እማ...»

«‹ምንም የለም› እንዳትይኝ። ከአባትሽ ወዲህ ‹ምንም› የሚለው ቃል እኔ ቤት አይገባም።»

«የነገረኝ አለ» አልኳት። «ግን የእኔ አይደለም። የሱ ነው።»

ተነሥታ፣ ጉልበቷን ደግፋ፣ በሩን በመዳፏ መታችው።

«ካሚል! ና ውጣ። እህትህን አታሸክማት። ለእኔ የሚነገር ካለ አንተው ንገረኝ።»

ዘግይቶ ወጣ። ከፊቷ ተቀመጠ፤ ምግቡን አልነካም። ከመጀመሪያው ጀመረ፦ ክፍሉን፣ ሰዎቹን፣ ቦርሳውን ሲቀበል እንዴት አንሥቶ ክብደቱን እንደሞከረው፣ እያወቀ እንደያዘው፣ ለአባዬ በስልክ ያለውን። እማዬ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ሁለታችንም የእሷን አፍ ጠበቅን።

«አባትህ ይህን አያውቅም ነበር» አለች።

«አያውቅም» አለ ካሚል፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

«ቢያውቅም ያደረገውን ሁሉ ያደርገው ነበር። ይህን እኔ አውቅለታለሁ።»

ካሚል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እናቴ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና «በል፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው።